መምህር መሆን ለሚፈልግ ተማሪ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ምን ይሰጣል?

በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ምን እንደሚጠበቅበት የታወቀ ነው፤ ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ፣ ካልሆነም ኮምፒውተር። ልጅቷ ስሙ ከፍ ባለ ትንሽ ኮሌጅ፣ ያውም በደህና ስኮላርሺፕ ተቀባይነት አግኝታ «የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነው መሆን የምፈልገው» ስትል ወላጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የደመወዝ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ሁለተኛው ግን የበለጠ ማሰብ የሚጠይቅ ነው፦ እንዲህ ያለው ኮሌጅ አብዛኛውን ጊዜ «ኤዱኬሽን ፋኩልቲ» የሚባል ነገር የለውም፤ ታዲያ ከዚያ ወጥቶ መምህር የሚኮነው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ስለ ኮሌጁ ጥቂት እንበል። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባለው በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ያለው፣ መምህሩ ተማሪውን በስም የሚያውቅበት ተቋም ነው። በፔንሲልቫኒያ ያለው ስዋርትሞር፣ በሚኒሶታ ያለው ካርልተን፣ በማሳቹሴትስ ያለው ማውንት ሆልዮክ ከነዚህ ይቆጠራሉ። ተማሪው ዋና የትምህርት መስኩን የሚመርጠው ሁለት ዓመት ያህል ከዚህም ከዚያም ከቀመሰ በኋላ ነው። እንደ አካውንቲንግና ነርሲንግ ያሉ በቀጥታ ለአንድ ሥራ የሚያዘጋጁ ትምህርቶች እዚያ ብዙም አይገኙም። መምህርነትም ለረጅም ጊዜ የታየው በዚሁ ዓይን ነበር፤ ሌላ ቦታ የሚሠለጠኑበት የእጅ ሙያ ተደርጎ።

ይህ አመለካከት ታሪክ አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ1839 የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ የነበረው ሆረስ ማን ባደረገው ግፊት በሌክሲንግተን ከተማ የመጀመሪያው የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። በመክፈቻው ቀን የተገኙት ተማሪዎች ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ይህን የመሰሉ ማሠልጠኛዎች በመላ አገሪቱ እየተባዙ ሄዱ፤ ከጊዜ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ፣ ከዚያም የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የሌክሲንግተኑ ትምህርት ቤት ቦታ እየቀየረ ዛሬ ፍራሚንግሃም ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የቆዩት ኮሌጆች በበኩላቸው ላቲንና ግሪክ፣ ሒሳብና የሥነ ምግባር ፍልስፍና ለወንዶች ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከነሱ የሚመረቀውም ቢሆን ወጣ ብሎ ማስተማሩ አልቀረም፤ ነገር ግን «አስተማሪ መሆን ከፈለግህ ማወቅ ያለብህ የምታስተምረውን ነው፤ ሌላው በሥራ ላይ ይመጣል» የሚለው እምነት አብሮት ይወጣ ነበር። ከዚህ ወጣ ያሉት የሴቶቹ ተቋማት ናቸው። ሜሪ ላየን በ1837 የመሠረተችው ማውንት ሆልዮክ ከመነሻው ጠንካራ ትምህርትንና መምህርነትን ሳይነጣጥል ይዞ ተነሳ፤ ምሩቃኑም በብዛት ወደ ትምህርት ቤት ገቡ።

ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ለመቶ ዓመት ያህል ሁለት ካምፖች ተፋጠው ኖረዋል። አንደኛው እንዴት ማስተማር እንደሚቻል አሠለጥናለሁ ይላል፤ ሌላው የሚያስተምሩትን አሳውቃለሁ ይላል። በ1936 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት በማስተማር የማስተርስ ዲግሪ የሚባለውን ፕሮግራም ሲያስጀምር ሁለቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ለማገናኘት አስቦ ነበር፤ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው በአምስተኛው ዓመት መምህርነትን ይማራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፒጂዲቲ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ለሚያውቅ አንባቢ አካሄዱ አዲስ አይሆንበትም፤ መጀመሪያ በፊዚክስ ወይም በታሪክ ዲግሪ ይያዛል፣ ከዚያ መምህርነቱ ይከተላል። ዛሬ ትንንሾቹ ኮሌጆች የሚሞክሩት ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በስዋርትሞር ለምሳሌ የትምህርት ጥናት ክፍል አለ፤ ተማሪው ትምህርት ጥናትን ከሌላ መስክ ጋር፣ ከታሪክ ወይም ከሥነ ልቦና ጋር እንበል፣ አጣምሮ ልዩ ሜጀር ማድረግ ይችላል። ለመንግሥት የማስተማር ፈቃድ የሚያበቃውን መንገድ የሚመርጥ ተማሪም በዚያው በኩል ያልፋል።

እንግዲህ የሒሳብ አስተማሪ መሆን የምትፈልገው ልጅ እዚያ ገብታ ምን ታገኛለች?

የመጀመሪያው ትርፍ ዓይን መለወጥ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዳን ሎርቲ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰላው፣ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ሰዓት ገደማ መምህራንን ሲመለከት ይቆያል። ይህን ያህል ጊዜ ሐኪም ወይም ዳኛ ሲሠራ ያየ ሰው የለም። መምህርነትን ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ተማሪ የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። መምህሩ ማታ ቁጭ ብሎ የትኛውን ምሳሌ እንደጣለና የትኛውን እንዳስቀረ፣ ያንን ጥያቄ ለዚያ ልጅ ለምን እንደወረወረ፣ ፈተናውን ሲያርም ያገኘው ስሕተት የነገውን ትምህርት እንዴት እንዳስቀየረው ከተማሪ ወንበር አይታይም። ለዚህም ነው አዲስ መምህር ሳያስበው የድሮ አስተማሪውን የሚደግመው። በጅራፍ ያደገው በጅራፍ፣ በቀልድ ያደገው በቀልድ።

በእነዚህ ኮሌጆች የመጀመሪያው የትምህርት ጥናት ኮርስ ብዙውን ጊዜ ይህንን ለመስበር የተዘጋጀ ነው። ተማሪዋ በሳምንት አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ወዳለ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ትቀመጣለች፤ የምትመዘግበው ግን መምህሩን አይደለም። አንድ ልጅ ትመርጣለች፤ ያ ልጅ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ጻፈ፣ መቼ ቀና አለ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ማንን አየ፣ ምኑ ላይ ተስፋ ቆረጠ? ከዚያ ማስታወሻዋን ይዛ ተመልሳ አሥራ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ሴሚናር ውስጥ ከንባቡ ጋር ታስተያየዋለች። ትንሽ ኮሌጅ እዚህ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው። መምህሯ ጽሑፏን መስመር በመስመር አንብባ «ይህን አይተሽ ነው ወይስ ገምተሽ?» ብላ ጠርዝ ላይ ትጽፍላታለች። ሦስት መቶ ሰው በሚማርበት አዳራሽ ውስጥ ይህ አይታሰብም።

ሁለተኛው ትርፍ የትምህርቱ ዕውቀት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ኮሌጆቹ ራሳቸውን ከሚገባው በላይ ያሞግሳሉ ብዬ አምናለሁ። አንድ ጥያቄ ልውሰድ። አንድ ከሦስት አራተኛ ለግማሽ ሲካፈል ስንት ነው? ይህን ጥያቄ የታወቀ ያደረገችው ሊፒንግ ማ የምትባል ቻይናዊት ናት። በባህል አብዮት ዘመን ገና በልጅነቷ ከሻንጋይ ወደ ገጠር ተልካ አስተማሪ ሆናለች፤ በኋላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን አነጻጸረች፤ ጥናቱም በ1999 በመጽሐፍ ወጣ። ከመምህራኑ የተጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ስሌቱን መሥራትና ለስሌቱ የሚስማማ ታሪክ መፍጠር።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አካፋዩን ገልብጦ ማባዛት፣ ሦስት ተኩል። ታሪኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል። «አንድ ከሦስት አራተኛ ኪሎ ቡና ለሁለት ሰው እኩል ቢከፈል» የሚል ሰው ለሁለት እያካፈለ እንጂ ለግማሽ እያካፈለ አይደለም። ትክክለኛው ታሪክ «አንድ ከሦስት አራተኛ ኪሎ ቡና ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ቢሞላ ስንት ከረጢት ይወጣዋል?» የሚለው ነው። ሦስት ከረጢት ይሞላል። ሩብ ኪሎ ይተርፋል። አሁን አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «የተረፈው ሩብ ነው፤ መልሱ ለምን ሦስት ከሩብ አልሆነም?» ብትል ምን ይመለስላታል? ሩቡ የኪሎ ሩብ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ግን ከረጢት ነው፤ ሩብ ኪሎ ደግሞ የከረጢቱ ግማሽ ነው። ይህን የሚመልስ መምህር ክፍልፋይን ያውቃል። «ሕጉ ገልብጠሽ አባዢ ነው» የሚለው ግን ሕጉን ብቻ ያውቃል።

በሊፒንግ ማ ጥናት ከ23ቱ አሜሪካውያን መካከል ስሌቱን በትክክል የጨረሱት ከግማሽ በታች ነበሩ፤ ትክክለኛ ትርጉም ያለው ታሪክ የፈጠረው አንድ ብቻ። ከቻይናውያኑ 72ቱም ስሌቱን ሠርተዋል፤ አብዛኞቹም የሚሆን ታሪክ አምጥተዋል። ለኛ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ግን ሌላ ነው። አሜሪካውያኑ ኮሌጅ የጨረሱ ናቸው። ቻይናውያኑ ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ የተማሩ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው በትምህርት ዓመታት ብዛት አይደለም። ቻይናውያኑ ያንኑ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ከባልደረቦቻቸው ጋር እየተነጋገሩ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየመረመሩ ዓመታት ስላሳለፉበት ነው።

የኮሌጅ ሒሳብ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጀብራ ያለፈች ተማሪ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ክፍልፋይን ዞር ብላ አላየችውም። ኮርሶቹ አይጠቅሟትም ማለቴ አይደለም፤ አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ሳታውቅ እንዳታልፍ የሚያስለምዷት እነሱ ናቸው። ግን ልማዱን ወደ ታች፣ ወደ ቀላሉ ነገር የምትመልሰው ራሷ ናት። ሊ ሹልማን የተባሉት የስታንፎርድ ፕሮፌሰር በ1986 ባወጡት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ የመምህር የራሱ የሆነ ዕውቀት አለ፤ የሒሳብ ሊቁም የሥነ ልቦና ሊቁም ዘንድ የማይገኝ። የትኛው ምሳሌ ልጆችን እንደሚያሳስት፣ የትኛው ስሕተት ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት የሚገኘው የማስተማር ዘዴ በሚባለው ኮርስ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ የትንሽ ኮሌጅ ድክመትም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ መምህር ለመሆን የሚዘጋጁት ስድስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሁለቱ ታሪክ፣ አንዷ ሒሳብ እያለ፣ ለሒሳብ ብቻ ዘዴ የሚያስተምር ሰው መቅጠር አይቻልም። ሁሉም አንድ ክፍል ገብተው ስለ ውይይት አመራር ያወራሉ። ጥሩ ውይይት ነው፤ ክፍልፋዩ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ብልህ ተማሪ ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ ትሞላዋለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ታስጠናለች፤ ልጁ የሠራውን ስሕተት ትሰበስባለች፤ ከኮሌጁ የሒሳብ ክፍል አንድ ፈቃደኛ ፕሮፌሰር ይዛ በነጻ ጥናት መልክ ክሬዲት ታገኝበታለች።

ቀጥሎ የፈቃዱ ጉዳይ አለ። ነገሩ አሰልቺ ቢሆንም አለመጥቀስ አይቻልም፤ ብዙ ሕልም የሚሰናከለው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው እንጂ ኮሌጁ ወይም የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። በፔንሲልቫኒያ ቢያንስ 12 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የማስተማር ልምምድ ይጠየቃል፤ በማሳቹሴትስ ለመነሻ ፈቃድ ቢያንስ 300 ሰዓት። ከዚያ በላይ ፈተና አለ፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ፕራክሲስ የሚባለው፣ በማሳቹሴትስ የራሷ። አሥራ ሁለት ሳምንት ማለት በተግባር አንድ ሴሚስተር ነው። ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ያለባት የኬሚስትሪ ተማሪ፣ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር መማር የምትፈልግ፣ የመመረቂያ ጥናት የምትጽፍ ሁሉ ይህ ሴሚስተር ከየት እንደሚገኝ ማሰብ ያለባት በሁለተኛ ዓመቷ ነው። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ «መምህር መሆን ፈልጌአለሁ» ብላ የምትመጣው ብዙ ጊዜ በአራት ዓመት አትጨርስም። አንዳንድ ኮሌጆች ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላ በዘጠነኛ ሴሚስተር ተመልሳ ልምምዱን ብቻ ትሠራለች፣ ክፍያውም ይቀነስላታል ወይም ይቀርላታል።

ልምምዱ ምን ይመስላል? ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት ቤት መድረስ ነው፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ገና አልጋ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ታያለች፤ ከዚያ አንድ ክፍል ትረከባለች፤ ከዚያ ሁለት፤ ወደ መጨረሻ ሙሉውን ቀን። የመጀመሪያ ትምህርቷን አስቡት። ዕቅዱ በደቂቃ የተከፋፈለ ነው። ጥያቄ ትጠይቃለች። ዝም። ሃያ ስምንት ልጆች አሉ። ከደነገጠችበት ዝምታ ለመውጣት ራሷ ትመልሰዋለች፤ ቀጥላ ሌላ ትጠይቃለች፤ እሱንም ትመልሰዋለች። ሰዓቱ ሳይደርስ ዕቅዱ ያልቃል። ከኋላ የተቀመጠችው የኮሌጁ ተቆጣጣሪ ሰዓቷን እያየች ስትጽፍ ቆይታ በመጨረሻ የምትሰጣት አስተያየት አጭር ነው፤ «ከጠየቅሽ በኋላ አንድ ሴኮንድ እንኳ አልጠበቅሽም።» ይህ የእርሷ ብቻ ችግር አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው ተመራማሪ በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ ቀርጻ ስትለካ አማካዩ ጥበቃ አንድ ሴኮንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው፤ ሦስት ሴኮንድ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። ሦስት ሴኮንድ ወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ክፍል ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ረጅም ነው፤ የሚለመደውም በመቆም እንጂ በማንበብ አይደለም።

እዚህ ላይ የኮሌጁ ባህል ራሱ እንቅፋት ሲሆን አያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው አንብቦ በሚመጣበት፣ ሁሉም በሚናገርበት ሴሚናር የኖረች ልጅ ክፍሏን ሴሚናር ልታደርገው ትሞክራለች። ወንበሮቹን በክብ ትደረድራለች። አምስቱ ይናገራሉ፤ ሃያ ሦስቱ ይደበቃሉ። ጥሩ አስተናጋጅ መምህር፣ ማለትም ክፍሉን የለቀቀላት ነባር አስተማሪ፣ ሐሳቧን ሳይገድል «መጀመሪያ ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፣ ከዚያ ክቡን ሥሪ» ብሎ ያስተካክላታል። በኔ ግምት ከኮርሶቹ ሁሉ በላይ የልጅቷን ዕጣ የሚወስነው ይህ ሰው ነው፤ ኮሌጁ በካታሎጉ ስለ እርሱ አንድ መስመር ባይጽፍም።

ያለ ፈቃድ የሚገባባቸው በሮችም አሉ። የግል ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቁም፤ የትንሽ ኮሌጅ ምሩቃንን ይወዳሉ። ቲች ፎር አሜሪካም አለ። ዌንዲ ኮፕ በፕሪንስተን በ1989 ከጻፈችው የመመረቂያ ጥናት የተወለደው ይህ ድርጅት በ1990 ወደ 500 የሚጠጉ ምሩቃንን ለሳምንታት ብቻ አሠልጥኖ ለሁለት ዓመት ድሃ ተማሪዎች ወደሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ላከ። ደጋፊም ተቃዋሚም አላጣም። ሐሳቡ ግን ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ በ1962 ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክረምት ሠልጥነው ኢትዮጵያ ሲገቡ ብዙዎቹ ከኮሌጅ በቅርቡ የወጡ፣ አስተምረው የማያውቁ ነበሩ። ወሊሶ የተመደበው ፖል ሶንጋስ በዚያው ዓመት ከዳርትመዝ ኮሌጅ የተመረቀ ነበር፤ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኗል። ቡድኑን የመራው ሃሪስ ዎፎርድ ከዓመታት በኋላ ብሪን ማር የተባለውን የሊበራል አርትስ ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በነሱ የተማሩ ሰዎች ዛሬም ስለ አንዳንዶቹ በፍቅር ያወራሉ። ያ ፍቅር የሚታመን ነው፤ ሆኖም አዲሱ መምህር በክፍል ውስጥ ሲማር የመማሪያውን ዋጋ የሚከፍሉት ልጆቹ መሆናቸውን አይሽረውም። ቀድሞ በሰው ክፍል፣ በነባር መምህር ጥላ ሥር መሳሳት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደመወዝ የሚወሰነው በሠንጠረዥ ነው፤ በአገልግሎት ዓመትና በትምህርት ደረጃ ከፍ ይላል። ማስተርስ ያለው ከሌለው ይበልጣል፤ ስለዚህ አምስተኛውን ዓመት መማር እንደ ብክነት መታየት የለበትም። የኮሌጅ ዕዳ ላለበት ቤተሰብ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው በ2007 በወጣው ሕግ የመጣው የፌዴራል የቲች ግራንት ነው፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። በምላሹ ከትምህርት በኋላ ባሉት 8 ዓመታት ውስጥ 4ቱን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤት፣ ሒሳብን በመሳሰለ የመምህር እጥረት ባለበት መስክ ማስተማር ይጠይቃል። ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ገንዘቡ ወደ ብድር ይለወጥበታል፤ ወለዱም ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። «ስጦታ» የሚለውን አይቶ የሚፈርም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን መስመር አንብቦ እንደሆነ ወላጅ ቢጠይቅ መልካም ነው። ሁለተኛው ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የተፈቀደው የብድር ምሕረት ነው፤ 120 ወርኃዊ ክፍያ በአግባቡ ለፈጸመ መምህር ቀሪው የፌዴራል ብድር ይሰረዛል።

ልጅቷ ኮሌጁን ልትጎበኝ ስትሄድ ቤተ መጻሕፍቱንና የስፖርት አዳራሹን ያሳዩአታል። እርሷ መጠየቅ ያለባት ሌላ ነው። ከዚህ የሚወጣው ፈቃድ ሜሪላንድ ላይ ሳልፈተን ያሠራኛል ወይስ ተጨማሪ ይጠይቀኛል? የልምምዱ ሴሚስተር ከሒሳብ ክፍሉ የግዴታ ኮርሶች ጋር ይጋጫል? ሒሳብ ለሚያስተምሩ ዘዴውን የሚሰጠው ማን ነው? ባለፈው ዓመት የወጡት ተለማማጆች የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው መምህር ዘንድ ነበሩ? የመጨረሻውን ጥያቄ የትምህርት ጥናት ክፍሉ ሰዎች ትምህርት ቤቱንና መምህሩን በስም ጠርተው፣ ክፍሉን ገልጸው ከመለሱላት ፕሮግራሙ አለ። ብሮሹር አውጥተው ከሰጧት ሌላ ኮሌጅ ትይ።